ፊት ለፊት ቤት በመኪና

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሌንደርት ቬርስሆር ሚስቱን ኔልቼን ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ የአተር ሾርባ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኗ ላይ ካደላደለላት በኋላ መኪናውን ሊያስነሳ ሲል፣ የጎረቤቱ ልጅ ቪለማይን ብስክሌቷን እየገፋች ብቅ አለች። የኋላው ጎማ ተንፍሷል፤ ዝናቡም ማካፋት ጀምሯል። ሌንደርት ግትር ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ሰው በዝናብ ሲንገላታ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

“ወዴት ነሽ አንቺ ልጅ?”

“እዚሁ ማዶ ነኝ አጎቴ ሌንደርት። ለከሰዓቱ ስብሰባ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ላዘጋጅ።”

“በይ ብስክሌትሽን አስደግፊውና ግቢ። እኛም ማዶ ነን።”

ማዶ ማለት የዚያው መንገድ ወዲያኛው ዳር ነው። የኔልቼ እህት ዲርክዬ የምትኖረው ልክ ፊት ለፊት ነው። በሮተርዳም ቀን ቀን መጋረጃ የሚዘጋ ሰው ስለሌለ፣ ሁለቱ እህትማማቾች በየማለዳው በየመስኮታቸው ተቀምጠው፣ ሲኒያቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በመካከላቸው ግን ባለ ስድስት መስመር አውራ ጎዳና አለ፤ በጎዳናው ወገብ ላይ ደግሞ የብረት አጥር ተዘርግቷል። የእግረኛ ድልድይ አልጠፋም፤ ደረጃው ግን ዳሌዋን ለሚያማት ለኔልቼ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ሌንደርት በየቅዳሜው በመኪና ይወስዳታል። ጎዳናውን ይዞ እስከ ትልቁ አደባባይ ይወጣል፣ ይዞራል፣ በወዲያኛው መስመር ተመልሶ ይመጣና የዲርክዬ በር ላይ ያቆማል። ይህንን ሌንደርት ሥልጣኔ ይለዋል።

ያን ሰሞን ግን ሁለት ነገሮች ተደራርበውበት ነበር። አንደኛው፣ የዓይን ሐኪሙ ለመጪው ጸደይ መንጃ ፈቃዱ እንደማይታደስለት በግልጽ ነግሮታል። ሌንደርት ይህንን ለኔልቼ ነግሯት “እስኪ እናያለን” ብሎ ወሬውን እዚያው ቀብሮታል። ሁለተኛው የከሰዓቱ ስብሰባ ነው። ነዋሪው መንገዱ ይጥበብ፣ አጥሩም ይነሳ ብሎ ከተማውን ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ የሚለው የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው። ሌንደርት የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ነውና እሱ ያዘነበለበት ወገን ግማሹ ሰፈር ይከተለዋል። እሱ ደግሞ ልቡን ቆርጧል፤ መንገዱ አይነካም።

“ዴልፍት ድረስ ሄደሽ የከተማ ፕላን የተማርሽው መንገዳችንን ልትቀሚን ነው አሉ” አላት በመስታወቱ እያያት።

“ልመልስልዎ ነው እንጂ ምን ልቀማዎ።”

“ስሚ እንግዲህ። እኔ የተወለድኩት ከወደቡ ጀርባ፣ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ስምንት ሰው በአንድ ክፍል። ግድግዳው ከእርጥበቱ ብዛት ወረቀት አይዝም ነበር። ታናሽ ወንድሜ በሳምባ በሽታ የሞተው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ኋላ ጦርነቱ መጣ፣ የጀርመኖች ቦምብ ወረደና ሁሉንም እሳት በላው። ጦርነቱ ሲያልቅ መሐንዲሶቹ መጡና ንድፋቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ሰፊ መንገድ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቤት፣ ሙቅ ውሃ። በገዛ ቤቴ ገላዬን ስታጠብ ጎልማሳ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ብቻዬን አልቅሻለሁ። ዛሬ አንቺ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የተወለድሽው መጥተሽ ተሳስተዋል ስትይኝ፣ እንዴት አድርጌ ልስማሽ?”

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ የሆነን ነገር የሚያጣጥል ተማሪ ደግሞ የተማረው ነገር የለም። ቪለማይን ግን እንደዚያ አልነበረችም።

“ስለ ቤቱ ያሉት እውነት ነው” አለች። “እናቴም ስታወራው ድምጿ ይቆራረጣል። ቤቱን ማን ይነካዋል? ስህተቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የድሮው መተላለፊያ አስጠልቷቸው ስለነበር ከተማውን እንደ ቁም ሳጥን በየመሳቢያው ከፋፈሉት። መኖሪያው እዚህ፣ ሥራው እዚያ፣ ገበያው ሌላ ጋ። ሁሉ ነገር ሲራራቅ መኪና ግድ ሆነ። መኪናው ሲበዛ መንገዱን አሰፉት፤ መንገዱ ሲሰፋ ሁሉ ነገር የባሰ ተራራቀ። የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። እንግሊዝም፣ ጀርመንም፣ አሜሪካም ያው ነው። ንድፉን ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ከላይ ሆኖ የሚኖር ሰው ግን የለም።”

“እሺ፣ የወደቡ ጭነት በየት ሊያልፍ ነው? እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ክሬን ላይ ነው። መርከብ እኮ አይጠብቅም።”

“የወደቡ ጭነት የዳር ቀለበት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ ነው የሚሄደው። በእርስዎ በር ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ሲያልፍ ያዩት መቼ ነው?”

ሌንደርት ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። “ታዲያ ይሄ ሁሉ ማነው?”

“እኛው ነን። ዳቦ ሊገዛ የወጣ፣ በእግሩ መሄድ የሚችል ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ። ደግሞ ፊት ለፊት ያለች የሚስቱን እህት ሊጠይቅ የሚሄድ።”

ኔልቼ የድስቱ ክዳን እስኪንቀጫቀጭ ድረስ ሳቀች።

“አንቺ ደግሞ ሳቂ” አለ ሌንደርት ተቆጥቶ። በንዴቱ ላይ ዝናቡ ጠንክሮ ነበርና አደባባዩ ጋ ሲደርስ መታጠፊያውን ስቶ አለፈ።

“አለፍከው” አለች ኔልቼ።

“አላለፍኩትም።”

አልፎታል። መኪናዋ ወደ ሄግ ከተማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ገብታለች፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ እንደ ልብ መዞር የለም። ቪለማይን በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ ወሬው የእሷ አለመሆኑ ገብቷታል።

“ምልክቱን አላየኸውም አይደል?” አለች ኔልቼ ቀስ ብላ።

“ዝናቡ ነው።”

“ዝናቡ አይደለም ሌንደርት። በጸደይ መንጃ ፈቃዱን ሲከለክሉህ እኔ ዲርክዬን በምን ላገኛት ነው? እስክሞት ድረስ በመስኮት ሲኒ ላነሳላት ነው?”

“እስከ ዛሬ ቀርቼብሽ አውቃለሁ?”

“አታውቅም። ግን ሰው ሳይወስደኝ መሄድ አምሮኛል። ባሏ የሞተ ዕለት ትዝ ይልሃል? አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። አምቡላንሱ በሯ ላይ ሲቆም በመስኮት አየሁት። ካፖርቴን እንኳ ሳልለብስ ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ሄጄ ሦስት አራት ደረጃ ወጣሁና ዳሌዬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምኩ። መኪናው አያቋርጥ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ እያየሁ፣ ስሟን ስጠራ ከጩኸቱ የተነሳ አትሰማኝም። አንተ መጥተህ ስታደርሰኝ ሬሳው ተሸፍኖ ነበር።”

ሌንደርት ዘግይታ እንደደረሰች ያውቃል። ጠርዙ ላይ እንደቆመች ግን አያውቅም ነበር።

“ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።”

“ምን ብዬ ልንገርህ? መንገዱን እንደ ልጅህ ነው የምትወደው።”

ሌንደርት ነዳጅ ማደያ አገኘና ገብቶ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ያፈረም ያዘነም ሰው ነበር፤ ቁጣው የት እንደገባ እሱም አላወቀም። ወደ ኋላ ወደ ቪለማይን ዞረ።

“እናንተ የምትሉት የእግረኛ ማቋረጫ ላይ መኪናው ባይቆምስ?”

“መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል” አለች ቪለማይን። “ማቋረጫው ከፍ ተደርጎ በጡብ ይነጠፋል፤ መኪናው ሳይወድ በግዱ ቀስ ይላል። መሐል ላይ ዛፍ ይተከላል፣ ትራም የሚሉት የከተማ ባቡርም ሣር በለበሰ ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ለደከመው ሰው መሐሉ ላይ መቀመጫ አስበናል።”

“መደገፊያ አለው?”

“መደገፊያ አላሰብንም።”

“መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ ዳሌው የታመመ ሰው እንዴት ይቀመጣል? ይሄን አላስተማሩሽም?” አለና ሞተሩን አስነሳ። ቪለማይን መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግታዋን ደበቀች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሌንደርት ሲነሳ ሁሉም የሚለውን ያወቀ መስሎት ነበር።

“እኔ መንገዱ ይጥበብ እላለሁ” አለ።

አሳ ሻጩ ኮስ ከኋላ “ሌንደርት፣ መኪናህን ሸጥካት እንዴ?” ብሎ ተረበው።

“ገና ነኝ። ግን ዛሬ ጠዋት ማዶ ልሄድ ተነስቼ ሄግ ልደርስ ምንም አልቀረኝ።” ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። “እነዚያ መሐንዲሶች ከእርጥበት አውጥተውናል፤ በሕይወት እስካለሁ አመሰግናቸዋለሁ። ያን ጊዜ የጎደለን ፀሐይ ነበር፣ ፀሐይ ሰጡን። ዛሬ የጎደለን ሰው ነው። ሚስቴና እህቷ በመስታወት ሲተያዩ ነው የሚኖሩት። የእናንተ ልጆች የማዶዎቹን ልጆች በስም አያውቋቸውም። የሰፈራችን ሱቅ ተዘግቶብናል፤ ለምን ቢሉ፣ ግማሹ ደንበኛ ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። ቤቱን እንደያዝን መንገዱን እናስተካክል። የሠሩልንን ማረም እነሱን መሳደብ አይደለም።”

እጅ ሲወጣ ኮስ እንኳ እያጉረመረመ አወጣ።

ዋናው ሥራ እስኪጀመር ብዙ ተጨቃጭቀዋል፤ አጥሩ ግን በመጣው በጋ ተከፈተ። ዛሬ ያን ሰፈር የሚያይ ሰው ጥቅሙን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ሕፃናቱ ያለ ጠባቂ ትምህርት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። የተዘጋው ሱቅ ተከፍቶ አጠገቡ ዳቦ ቤት ተጨምሯል። ማታ መስኮት ከፍቶ መተኛት ተችሏል። ሌንደርት መኪናውን ለኮስ ሸጦ፣ ጠዋት ጠዋት በዛፎቹ ሥር እየተንሸራሸረ የመኪኖቹን ፍጥነት ይቆጣጠራል፤ ማንም ይህን ሥራ አልሰጠውም።

እህትማማቾቹ ደግሞ በየቀኑ መገናኘት ከጀመሩ ወዲህ መጣላት ጀምረዋል። ቀድሞ በሳምንት አንድ ቀን ሲገናኙ ለዚያ ጊዜ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ኔልቼ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ገባችና፣ ሁለተኛ የዲርክዬን ደጃፍ እንደማትረግጥ ተናገረች። ሌንደርት ድንች እየላጠ ነበር፤ መላጡን ቀጠለ። ድንቹ ሳይበስል ኔልቼ ካፖርቷን አነሳች።

“አሁን ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?” አላት።

“ያልጨረስኩላት ነገር አለ” አለችና በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች።