ብርድ ያሉት ሕመም

የጠላቂዎች አስተማሪዋ ወደብ የወረደችው በጀልባ የተላከላትን ሣጥን ለመቀበል እንጂ ከአጎቷ ጋር ለመጣላት አልነበረም። ዳሩ ግን ጠብ በቀጠሮ አይመጣም። ወደቡ ሁሉ «መልሕቁ» የሚላቸው አጎቷ ከጀልባቸው ጫፍ ተቀምጠው፣ ከገዛ እጃቸው ላይ የእጅ ሰዓት የምትመስል የጠላቂ ኮምፒዩተር ፈትተው በልጃቸው እጅ ላይ ሲያስሩ አየች። ልጃቸው ወልዶ የሳመ ጎልማሳ ነው። ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ይዞ ፊቱን አጨማድዷል።

«እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ? ወንድሜ ምን ሆኖ ነው?»

«ብርድ ነው» አሉ መልሕቁ ቀና ሳይሉ። «ከባሕሩ ወለል የሰጠመ ሰንሰለት ሲያስር ቆይቶ ሲወጣ መታው። ሥራው ገና አላለቀም፤ አሁን ተመልሶ ሲገባ ይለቀዋል።»

«ጠዋት ሲገባ ይህቺን አድርጓት ነበር?»

«ሰዓቷን? የለም፣ እኔ ጋ ነበረች። ጀልባ ላይ ሆኖ ሰዓት የሚጠብቀው እኔ አይደለሁ? አሁን ደግሞ እሱ ያድርጋት፤ ስስታም አይደለሁም።»

የአስተማሪዋ ደም ፈላ። በዚያ ወደብ ኮምፒዩተሯን «ሰዓት» የማይላት አልነበረም። ሰዓት ደግሞ ለሁሉም እኩል ይቆጥራልና እንደ ጎረቤት ወንፊት ይዋዋሷታል። የተሳሳተ ስም ሰው ይገድላል ቢባል ማን ያምናል?

«አጎቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና ይህቺ ሰዓት አይደለችም!»

«ታዲያ ምንድን ናት? ክታብ ናት?»

«ያሰራትን ሰው ብቻ የምትከታተል ናት። በጥልቅ ውሃ ስንተነፍስ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሰው በትንፋሹ ተመልሶ ይወጣል። ለተጣደፈ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። እሷ ጥልቀቱንና የቆየበትን ጊዜ ይዛ ‹ፍጥነትህን ቀንስ፤ እዚህ ጋ ቆም በል፤ ለዛሬ ይበቃሃል› ትለዋለች። አሁን የምታውቀው ግን ጀልባ ላይ ተቀምጠው የዋሉትን እርስዎን ነው! እሱን ገና ከአልጋው የተነሣ ሰው አድርጋ ነው የምታሰናብተው።»

«ስሚ አንቺ ልጅ» አሉ፣ አሁን ቀና ብለው። «እኔ ከትንፋሼ የምትወጣውን ትንሿን አረፋ ሳልቀድም እየወጣሁ ነው የሸበትኩት። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀኝ የማን ኮምፒዩተር ነው?»

«ዕድልዎ ነው። ዕድል ደግሞ ለልጅ አይወረስም።»

ጫጫታውን የሰሙ የወደብ ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ተመልካች ሲያገኙ መልሕቁ ባሰባቸው። «እሺ፣ ብርድ ካልሆነ ውሃው ውስጥ ሲገባ ለምን ይተወዋል? ስንቱን አይቻለሁ! በይ መልሺልኝ፣ የተማርሽዋ!»

ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አልነበረም። ሽማግሌው ያዩት እውነት ነው፤ ፍቺው ነው የጠፋቸው።

«ውሃው አረፋውን ስለሚጨቁነው ነዋ! ሲገባ አረፋው ይኮማተራል፣ ሕመሙም ይተኛል። ሲወጣ ያው አረፋ በላዩ ሌላ ጨምሮ ይነሣበታል። አባቴንም ሁለተኛ ሲገባ ለቆት ነበር አሉ። ሁለተኛ ሲወጣስ?»

አባቷ የመልሕቁ ታላቅ እህት ባል ነበር፤ የሞተውም ከእሳቸው ጋር ሲጠልቅ ውሎ ነው።

«በብርድ ልብስ ጠቀለላችሁት! እግሩ አልታዘዝ ሲለው ሌላ ደረባችሁለት! አጎቴ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ‹ብርድ› የሚለውን ቃል ሁለተኛ ከአፍዎ ብሰማ እጮኻለሁ!»

«እየጮኽሽ እኮ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ይህን ጊዜ ልጃቸው «አባዬ፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወጣሁ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

መልሕቁ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የመጣላቸው ያው አንድ ቃል ነበር። አፋቸውን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ተከራክሮ የቆየ የለም። መልሕቁ ኮምፒዩተሯን ከልጃቸው እጅ ነቅለው ወረወሩ፤ ልጁን አስተኝተው ከጎረቤት መርከብ ኦክስጅን አስመጡ፤ የግፊት ክፍል ወዳለው ሆስፒታልም በሩጫ ይዘውት ሄዱ። መንገድ ላይ የሰንሰለቱ ባለቤት ደውሎ ሥራው ለምን እንደቆመ ቢጠይቃቸው፣ «ሰንሰለትህ ከቸኮለብህ ራስህ ገብተህ አውጣው!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። ሐኪሞቹ በግፊት ክፍሉ ውስጥ እንደ ጥልቅ ውሃ አረፋውን ጨቁነው ቀስ በቀስ ለቀቁት፤ የልጁም ጣቶች ተመለሱ።

ዛሬ በዚያ ጀልባ ላይ እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ ኮምፒዩተር አለው፤ ማንም ለማንም አያውስም። ሲወጡ ኮምፒዩተሯ እንዳዘዘቻቸው ይዘገያሉ፤ ቁሙ ባለቻቸው ቦታ ገመድ ይዘው ይቆማሉ፤ ይብቃችሁ ካለች ምንም ሥራ ቢቀር አይገቡም። የታመመ ሰው ሕመሙን ሳይደብቅ ይናገራል፤ የሚሰጠውም ኦክስጅንና ሐኪም ነው። ሥራው ዘገየ የሚል አለ፤ ይበል። ጠላቂዎቹ ግን በየማታው በእግራቸው ሄደው የየቤታቸውን በር ያንኳኳሉ። መልሕቁ «እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሰቀለችኝ» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ቆይታቸውን ሳይጨርሱ ግን አይወጡም።

የአስተማሪዋ ንዴት በዚህ አልበረደም። ክርክር መርታት አባት አይመልስም።

በዚያው ሰሞን፣ ልጃቸው ከሆስፒታል የወጣ ዕለት፣ መልሕቁ ወደ እህታቸው ቤት መጡ። አስተማሪዋ በር ከፍታላቸው ቆመች። የእንግዳ መቀመጫውን አልፈው፣ ልብስ ስታጥፍ ወደነበረችው እህታቸው ሄደው ቆሙ።

«እህቴ፣ ባልሽ ሲሞት ‹ቀኑ ደርሶ ነው› ብዬ ነበር ያጽናናሁሽ። ቀኑ አልደረሰም ነበር።»

የአስተማሪዋ እናት የያዘችውን ልብስ አጥፋ አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «ይህቺን ልጅ ያስተማርኳት ለምን መሰለህ?»