ድሪል ስመርጥ የበሳሁት ግድግዳ

ለታይ ሓወልቲ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ትሸጣለች፤ በወሬ ግን አትሸጥም። ድሪል ልገዛ ብገባ ከኋላዋ ያለውን የድንጋይ ግድግዳ አሳየችኝና «ሓወይ፣ እየበሳህ ምረጥ!» አለችኝ። የኮንትራክተር ሁሉ መሞከሪያ ስለሆነ ግድግዳው ወንፊት መስሏል። የመጀመሪያው ድሪል ሁለት ጣት ሳይገባ ጨሰ። ሁለተኛው ከድንጋዩ ይልቅ እኔን አንቀጠቀጠኝ። ሦስተኛውን ሳነሳ ስልኬ ጮኸ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁሓ ላይ ቤት የምሠራላቸው አቦይ ኪዳነ ናቸው፤ ጠዋት «ሳይት ላይ ነኝ» ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ።

«የት ነህ?»

«ቁሓ ነኛ አቦይ! እየበሳሁ ነው፤ ይስሙት!» ብዬ ድሪሉን ለቀቅኩት።

«ጮክ በል! እኔ ጸጉር ቤት ነኝ፤ እዚህም ጎረቤት አንዱ እየበሳ አላሰማ አለኝ!»

ይሄኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን እንዴት ያለ ድሪል መሰላችሁ! ድንጋዩን እንደ ሳሙና እየላገ ሲገባ ደስታ አሰከረኝ፤ ስልኩን በጆሮና በትከሻዬ መሃል ይዤ በሁለት እጄ ተጫንኩት። መብሻው ፑንታ እስከ አንገቱ ጠለቀና ድንገት ባዶ አገኘ። ከወዲያ በኩል አንድ ድንጋይ ዱብ ሲል ተሰማ። «ዋይ ኣነ!» አለች ለታይ። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው ባይ፣ አቦይ ኪዳነ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ሆኖ ያዩኛል፤ ስልኩ አሁንም ጆሯቸው ላይ ነው።

«ድሪሉስ ጎበዝ ነው፣ ግዛው» አሉኝ። «ቁሓ እንዲህ ቅርብ መሆኑን ግን ገና ዛሬ አወቅኩ።»