የፓምፑ ዘንግና የጋሽ ብረቱ ሙግት

የማስተምረው በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። ተማሪዎቻችን ብረትን በማሽን እየቆረጡና እየቀረጹ፣ ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት ሳያመልጣቸው የማሽን ዕቃ መሥራት ይማራሉ። የእኔ ድርሻ ግን ብረቱ አይደለም፤ ሥራቸውን በቃልና በጽሑፍ ማስረዳትን፣ ከባልደረባና ከደንበኛ ጋር በአግባቡ መነጋገርን ነው የማስተምራቸው።

አንድ ጠዋት ወደ ክፍል ስገሰግስ በሩ ላይ ከጎረቤቴ ከጋሽ ብረቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። «ብረቱ» ሰፈርተኛው ያወጣላቸው ስም ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን ላይ የኖሩ፣ ወፍጮ ቤቱም ጋራዡም ዕቃ ሲሰበርበት ደጃቸውን የሚጠናቸው ባለሙያ ናቸው። በእጃቸው ያደገችው የልጅ ልጃቸው የእኛ ተማሪ ናት። የክት ኮታቸውን ለብሰው ፊታቸውን ግን አጥቁረዋል።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?» አልኳቸው።

«እኔስ ደህና ነኝ። ልጅቷን ላስወጣት ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ነገሩን ሲያወጉኝ ብሶታቸው ብዙ ነበር። ልጅቷ ከገባች የመጀመሪያዎቹን ወራት ማሽን አልነካችም፤ ሞረድ ይዛ አንድ ቁራጭ ብረት ስትሞርድ፣ ንድፍ ስታነብ፣ ስትለካ፣ ስትጠርግ ነው የከረመችው። እሱስ ይሁን፤ ቤት ስትመጣ ደግሞ አያቷን ታርማለች። እጅጌዎን ሳይሰበስቡ ማሽን አጠገብ አይቁሙ ትላቸዋለች። ይባስ ብላ ባለፈው ሠርተው የጨረሱትን ዕቃ ለክታ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ሰፍቷል» አለቻቸው፤ ያውም ደንበኛ ፊት። ይህቺ ናት ውስጣቸውን ያቆሰለችው።

«እኔን ማን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀመጠኝ?» አሉ። «አለቃዬ ሲሠራ እያየሁ፣ ስሳሳት በኩርኩም እየተመታሁ ነው የሰለጠንኩት። እኔው ጋ ትማር። ደግሞ አንተ፣ አትቀየመኝና፣ ምን ልታደርግላት ነው? ብረት ወሬ አይሰማ።»

መሳቄ አልቀረም። «ብረቱስ አይሰማም ጋሼ» አልኳቸው፤ «ብረቱን የሚሠሩት ሰዎች ግን መሰማማት አለባቸው። አንዱ እዚህ ዘንግ ይሠራል፤ ሌላው ሩቅ ከተማ ሆኖ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ ያበጃል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ግን ሥራቸው ሲገናኝ መግጠም አለበት። የሚያግባባቸው ንድፉና ልኩ ነው።»

«የኔ አውራ ጣት ዳሰስ ካደረገች ልኩን ታውቃለች። ዋሽታኝም አታውቅ።»

«አልዋሸችም። ግን እርስዎ ታመው የተኙ ዕለት አውራ ጣትዎን ለማን ያውሱታል?»

አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ሽማግሌ በአንድ ጥያቄ እንደማይረታ አውቃለሁና ነገሩን አላጠበቅሁትም፤ ከማስወጣትዎ በፊት አንዴ ሥራዋን ይዩ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ።

የልምምድ ክፍላችን የሚያኮራ ክፍል ነው። ማሽኖቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ወለሉ ተጠርጓል፤ እያንዳንዱ መፍቻ ግድግዳው ላይ ቅርጹ በተሳለለት ቦታ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ ፀጉራቸውን ሰብስበው፣ መነጽር አድርገው በየማሽናቸው ላይ ነበሩ። አሠልጣኙ ጋሽ ብረቱን ሲያይ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

የዚያን ዕለት ሥራ ለጨዋታ አልነበረም። የአንድ ሰፈር የውኃ ፓምፕ ዘንጉ ተሰብሮ፣ ሰዉ ጄሪካን ይዞ ሲንከራተት ሰንብቷል። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል ስለተባለ፣ የከተማው የውኃ አገልግሎት ዘንጉን ትሠሩልን እንደሁ ብሎ እኛን ጠየቀ። ሥራው የተሰጠው ማሽን ላይ ከወጣች ወዲህ በልኬት ጥንቃቄዋ ለተመሰገነችው ለጋሽ ብረቱ የልጅ ልጅ ነበር።

ልጅቷ አያቷን አየት አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቆረጠች፤ ለካች፤ እንደገና ቆረጠች። ዘንጉ እንደ መስታወት አብረቀረቀ። ጋሽ ብረቱ ሳያስቡት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን ዘንጉን ጠርጋ ጥቂት ከቆየች በኋላ ደግማ ስትለካ ፊቷ ተለወጠ። ዘንጉ የሚሽከረከርበትን የብረት ቀለበት፣ ኩሽኔታውን፣ አስገብታ ሞከረችው፤ በጣም ጥቂት ይላወሳል።

ጋሽ ብረቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ቀላል ነው» አሉኝ። «በነጥብ መምቻ ዙሪያውን ነካ ነካ ሲያደርጉት ብረቱ ያብጣል፤ ኩሽኔታው ጥርቅም ብሎ ይገባል። ማንም አያውቅ።»

ልጅቷ ግን ማሽኑን አጥፍታ እጇን አንሥታ ነበር።

«ዘንጉን አበላሽቼዋለሁ» አለች ለአሠልጣኙ። «ብረቱ ትኩስ እያለ ነው የለካሁት። ሲቀዘቅዝ ቀጠነ። ለፓምፑ አይሆንም።»

ጋሽ ብረቱ ኩርኩሙ እሳቸው አናት ላይ የሚያርፍ ይመስል አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። የመጣ ኩርኩም ግን የለም። አሠልጣኙ ተማሪዎቹን ሰበሰበና የሆነውን እንድታስረዳቸው ጠየቃት። አንድም ሳትደብቅ አስረዳች፤ አንዱ ጓደኛዋ ላልገባው ደግማ አብራራችለት። የተበላሸው ዘንግ ማንም ተሳስቶ እንዳይወስደው ቀይ ቀለም ተቀብቶ ለብቻው ተቀመጠ። እሷም ሌላ ብረት ማሽኑ ላይ አሥራ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ጋሽ ብረቱ አሠልጣኙን፣ «ምነው፣ አትቆጣትም?» አሉት።

«ብቆጣት ኖሮ ጋሼ፣ ዛሬ ትነግረኝ ነበር?» አላቸው።

ሽማግሌው ቀይ የተቀባውን ዘንግ አተኩረው አዩት። በኋላ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባይታወቅም፣ «ስንቱን በነጥብ መትቼ ሰደድኩት» አሉ። «ውሎ አድሮ ላልቶ ተመልሶ ሲመጣ ኩሽኔታው ርካሽ ነው እላለሁ። እኛ ስህተት እንዴት እንደሚደበቅ ነበር የተማርነው፤ ለካ ኩርኩሙ ነው ያስተማረን።»

ሁለተኛው ዘንግ ሲያልቅ፣ ልጅቷ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ መለኪያውን ለአያቷ አቀበለቻቸው። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይለኩት» አለች፤ እንዴት እንደሚነበብም በትሕትና አሳየቻቸው። ከንድፉ ጋር አስተያይተው ልክ ሆኖ አገኙት። ኩሽኔታው በመጭመቂያ ቀስ ብሎ ሲገፋ ያለ አንድ መዶሻ ምት ሄዶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

ስለማስወጣት የተነሣ ነገር አልነበረም። ሲወጡ ግን ንድፍ ማንበብ ለሽማግሌም ይሰጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ተማሩ። አሠልጣኙም የዋዛ አልነበረምና፣ መቁረጫው ሲዶለዱም ማሽኑ የሚያሰማውን ድምፅ ለይተው ለተማሪዎቹ እንዲያስተምሩለት ለመናቸው። እሳቸውም ብረት ወሬ አይሰማ እንጂ ይናገራል እያሉ ያስቋቸው ነበር።

ያ ፓምፕ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የሰፈሩም ሰው ጄሪካኑን ጥሏል። ልጅቷ ተመርቃ አንድ ፋብሪካ የጥራት ክፍሉን አደራ ሰጥቷታል። የጋሽ ብረቱም ቶርኖ ቤት ሌላ ቤት ሆኗል፤ ዕቃ ሲሰጡ ንድፉን አብረው ይሰጣሉ፤ ተመላሽ ይዞ የሚጨቃጨቅ ደንበኛ ብርቅ ሆኗል፤ ከማያውቁት ከተማ ሳይቀር ሥራ ይመጣላቸዋል። እጅጌያቸውንም ይሰበስባሉ።

ልጅቷና አያቷ በእንግድነት በተጠሩበት ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ልጄ ቢሮ እንጂ ብረት ቤት ምን ይሠራል ብለው ሲከራከሩ፣ ጋሽ ብረቱ ተነሡ። «ልጆቻችን እዚህ የሚማሩት ብረት መቁረጥ ብቻ አይደለም» አሉ። «የሠራሁት ልክ ነው ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ ነው፤ ሲሳሳቱ ሳይፈሩ መናገር ነው፤ ጓደኛ ሳይጎዱ፣ ራስም ሳይጎዱ ሠርቶ መግባት ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያላት አገር መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣላት እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም።»

ሰብሳቢው አያውቋቸውም ኖሮ ማን እንደሆኑ እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ሙያቸውን፣ ዕድሜ ልክ ያገኙትን ክብር፣ ያንን ሁሉ መዘርዘር ይችሉ ነበር። ጋሽ ብረቱ ግን ቀና ብለው ከእንግዶቹ መካከል ወደ ተቀመጠችው ልጅ በአገጫቸው አመለከቱ።

«የእሷ አያት ነኝ» አሉና ተቀመጡ።