እትዬ ድርቆሽና የሻለቃ ሆድ

እስቲ አንዴ ጸጥታ! ከኋላ ያላችሁ፣ ወንበር ካልደረሳችሁ የመድኃኒት ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጡ። ባዶ ናቸው። ለማንኛውም አይታችሁ ተቀመጡ።

እትዬ ድርቆሽን በጡረታ የምንሸኝበት ይህ ንግግር ለምን ለእኔ እንደተሰጠ ልንገራችሁ። ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶኝ «አንተ ተናገር፤ ሌላው ሰው መሐል ላይ ማልቀሱ አይቀርም፣ አንተ ግን ላም ሞታብህም ምሳህን ትበላለህ» አለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ብቻ እሺ ብያለሁ። የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ፤ ማልቀስ የፈለገ በራሱ ጊዜ ያልቅስ።

እትዬ ድርቆሽ እዚህ ግቢ የመጡ ቀን መጀመሪያ ያገኙት ሰው ዘበኛችንን ነው። ያው እዚያ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ዛሬም አልተቀመጠም። ትልቅ ቅርጫት በሁለት እጃቸው አቅፈው እየተንገዳገዱ ደረሱ። ዘበኛችን ጎንበስ ብሎ አየና ክንዱን ዘረጋ።

«እትዬ፣ በግ በዋናው በር አይገባም። በጀርባ ይዙሩ።»

«በግ አይደለም፣ ጥንቸል ነው።»

«ጥንቸልማ አውቃለሁ» አለ።

«ጆሮውን እይ እንጂ!»

«በግስ ጆሮ የለውም?»

ተከራክረው አልቻሉትም። ዞረው በጀርባ በር ገቡና ከአንዲት ጥጃ ኋላ ተሰለፉ። እኔ ከመመርመሪያው ጠረጴዛ ሆኜ «ቀጣይ!» ስል ቅርጫቱን ዱብ አደረጉት። ውስጡ ያለው ፍጥረት ደህና ውሻ ያህላል። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ።

«ልቡን ይተዉት። ሆዱን ያድምጡ።»

«እመቤቴ፣ እዚህ ሐኪሙ እኔ ነኝ።»

«እኔም ነኝ፤ ዛሬ ነው የምጀምረው» አሉ።

እንዲህ ተዋወቅን።

ለማታውቁ እንግዶች ሥራችንን በአጭሩ ላስረዳ። እዚህ መጠለያ የሚመጡት ጥንቸሎች አብዛኞቹ ትልቅ ዝርያ ናቸው። ሰው መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ግልገል አይቶ ለልጁ ስጦታ ይገዛል፤ እሷ አድጋ ሶፋውን ስትሞላው ወደኛ ያመጣታል። እኛ አክመን፣ አጥግበን፣ ለሚያሳድጋት አዲስ ቤተሰብ እንሰጣለን። ከእትዬ በፊት ሥራችን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን «ዋናው ነገር ከበሩ ከወጣች በኋላ ነው ያለው» ብለው ያዙን። ቤት ተቀይሮባት፣ ሽታ ተቀይሮባት፣ በዚያ ላይ መኖዋም በአንዴ ከተቀየረ የጥንቸል አንጀት ሥራ ያቆማል። ስትታመም አትጮህም። ጥግ ይዛ ዝም ትላለች እንጂ። ምግብ ሳትነካ ከዋለች ደግሞ ሰው «ለምዳ ትበላለች» ብሎ ሲጠብቅ ታልፋለች።

ስለዚህ ጥንቸል የወሰደ ቤተሰብ ሁሉ እዚህ የለመደችውን ድርቆሽ በማዳበሪያ ተሸክሞ ይሄዳል። ያ ድርቆሽ ከእትዬ ፀጉር፣ ከቦርሳቸው፣ ከኪሳቸው አይጠፋም። ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ ሲያወጡ የሥራ አስኪያጁ ሻይ ውስጥ ሲገባ አይተናል። ስማቸውም ከዚያ መጣ። ባለቤታቸው እዚህ ተቀምጠዋል፤ አናጢ ናቸው። እሳቸው ፍቅፋቂ፣ እትዬ ድርቆሽ ይዘው ሲገቡ ያንን ቤት ማን እንደሚጠርገው እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ደግሞ ስልኩ አለ። እትዬ አዲሶቹን ቤተሰቦች በየቀኑ ይደውሉላቸዋል። ሰላምታ የለም፣ የቤተሰብ ደህንነት የለም። «በጠጡስ?» ነው የሚሉት፤ የጥንቸሏን ኩስ ማለታቸው ነው። አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወላጆች ሰብስባ ሳለ ደወሉላት። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። ሴትዮዋም ከድንጋጤ ብዛት አዳራሹ ፊት ቆማ «ዛሬ ክብ ነው፣ ትልልቅ ነው፣ ብዛቱም ጥሩ ነው!» ብላ መለሰች። እትዬም «ጎበዝ!» ብለው ዘጉት።

ሌላው ደግሞ አንድ አባት ነው። እየጮኸ ደወለ።

«ዶክተር፣ የራሷን በጠጥ እየበላች ነው! ልጄ ፊት!»

«ለስላሳ ነው? እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ?»

«አዎ!»

«እሱን መብላት አለባት፤ አንጀቷ ደህና ነው ማለት ነው። ልጅዎም ይይ።»

ፀሐፊያችን አሁን እዚያ ሳቋን የምታፍነው እሷም ስለደረሰባት ነው። እትዬ ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደርሽ» አይሏትም። «ሆድሽ እንዴት አደረ?» ይሏታል። መጀመሪያ ያረገዝኩ መስሏቸው ነው ብላ ተቀይማ ነበር። ኋላ ለሥራ አስኪያጁም እንደዚያው ሲሉት ስትሰማ ተወችው።

እንግዲህ ቀልዱ ይበቃናል። የሻለቃን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ጫፍ ጫፉን ነው የምታውቁት።

ሻለቃ ግራጫ ወንድ ጥንቸል ነበር። በኮሪደሩ ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ ውሾች መንገድ ስለሚለቁለት ነው ስሙን ያገኘው። ጡረታ የወጣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መጥቶ ወሰደው። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ለምን ጥንቸል እንደፈለገ ስንጠይቀው «ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር ብዬ ነው» አለ። ብቻውን የሚኖር መስሎን ነበር። እንደዚያ አልነበረም። ከእህቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ታመው ሳለ እሱ ሆስፒታል ይግቡ አለ፣ እሷ ከቤታቸው አይውጡ አለች። እሱ አሸንፎ አስገባቸው፤ እዚያው አረፉ። ከቀብር መልስ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። በአንድ ወጥ ቤት እየተጠቀሙ፣ በአንድ በር እየገቡ ዓመታት አለፉ።

ሻለቃ በሄደ በሳምንቱ እትዬ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። እኔ አጠገባቸው ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

«በጠጡስ?»

«ደህና ነው፤ ትንሽ አኩርፏል መሰለኝ» አለ ሹፌሩ።

«ጥንቸል አያኮርፍም። በጠጡን ነው ያልኩዎት።»

«ዛሬ እንኳ አላየሁም» አለ።

እትዬ ቦርሳቸውን አንሥተው ቆመዋል። «መኪናህን አስነሣ» አሉኝ። ሻዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ እህቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ጨርቅ ግድግዳው ድረስ ተቆልሏል። ሻለቃ መኪናው ሥር ኩርምት ብሎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጥርሱን ያፋጫል። ጥንቸል ሕመም ሲበረታበት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እትዬ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙና ማዳመጫቸውን ሆዱ ላይ አደረጉ። ቆዩ። ጎኑን ቀየሩና እንደገና አደመጡ።

«ምንም አይሰማም» አሉ። «ጭጭ ብሏል።»

የሕመም ማስታገሻ ወጉት፣ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጡት፣ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ጎኑ ላይ አስደገፉት። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ወለሉ ላይ የክር ጥንጥን አይተዋል። ክር ወይም ጨርቅ ውጦ አንጀቱ ተዘግቶ ከሆነ በአፉ የሚሰጠው ምግብ ይገድለዋል፤ መቀደድ አለበት። ያልለመደውን በልቶ አንጀቱ ቆሞ ከሆነ ደግሞ መቀደዱ ነው የሚገድለው፤ መብላት አለበት።

«ምን በላ?» አሉ።

«ድርቆሽ ብቻ። እንዳዘዙኝ» አለ ሹፌሩ።

ወደ እህቱ ዞሩ። «እርስዎስ ምን አዩ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሣችም። «ጥንቸሉ የሱ ነው። እሱን ይጠይቁት።»

«ክሯን ከወለል እንድታነሣ ይንገሩልኝ» አለ እሱ፣ ለእትዬ።

«ወለል የሚጠርገው ማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ» አለች እሷ፣ ለእትዬ።

እትዬ ተቆጥተውት የማያውቅ ካለ ዕድለኛ ነው። ከወለሉ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ።

«እኔ አስተርጓሚ አይደለሁም! ይሄ ፍጥረት ክር ውጦ ከሆነ አሁኑኑ ልቅደደው፤ ካልዋጠ ቀድጄ ልገድለው ነው። ከሁለት አንዳችሁ ታውቃላችሁ። ተነጋገሩ!»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ክር አልዋጠም» አለች። «እሱ ከመጣ ወዲህ ጠዋት ማታ ወለሉን በእጄ እለቅማለሁ። ይሄ ጥንጥን አሁን ነው የወደቀው።» ጥንጥኑን ከወለሉ አነሣችና፣ «ብስኩት ሰጥቼዋለሁ። ሙዝም፣ ዳቦም። በየቀኑ።»

ሹፌሩ ዞረ። «ለምን?»

ማንን እንደጠየቀ ልብ በሉ። እትዬን አይደለም።

«አንተ ስትወጣ እግሬ ሥር መጥቶ ይተኛል» አለችው። «ቀን ሙሉ። ከሱ ጋር ነው የማወራው። ምን ልስጠው ታዲያ?»

«ብስኩት አይበላም ተብሏል እኮ።»

«ማን ነገረኝ? አንተ ነገርከኝ?»

ሰውየው አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እኔ መስኮቱን ሳይ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሲሆን የት እንደሚታይ አላውቅም። እትዬ ግን ጊዜ አላባከኑም። ሆዱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ያልተነፋ፣ ሲጫኑት እንደ ሊጥ የሚሰረጉድ ነው፤ አልተዘጋም ማለት ነው። የተፈጨ ድርቆሽ በውኃ በጠበጡና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሞሉ።

«አንዳችሁ ያዙት፣ አንዳችሁ አጉርሱት» አሏቸው። «በዝግታ። እንዳያንቀው።»

ወንድምየው አቀፈ፣ እህትየው አጎረሰች። መጀመሪያ ሁሉንም በአገጩ አፈሰሰው። ትንሽ ቆይቶ አንዴ ዋጠ። እትዬ እዚያው ሊያድሩ ቀሩ፣ እኔ ተመለስኩ።

በማግስቱ ክሊኒኩን ስከፍት ስልኩ እየጮኸ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ወጣ! ወጣ!»

«ማን ነው የወጣው?»

«በጠጡ ነዋ!»

ከኋላዋ የሹፌሩ ድምፅ ይሰማል፤ «ትንሽ ናት በያቸው! ግን ክብ ናት በያቸው!»

ታረቁ ወይ ብትሉኝ፣ እኔ አላውቅም። ከዚያ በኋላም ሲጨቃጨቁ ሰምቻቸዋለሁ፤ ስለ ድርቆሹ ጥራት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ እናታቸውም ጭምር። ግን ፊት ለፊት ነው የሚጨቃጨቁት። ሻለቃ አርጅቶ ነው የሞተው፣ በእነሱው ቤት። ልብስ ሰፊዋ ለእትዬ ነጭ ጋውን ሰፍታ ላከችላቸው፤ ድርቆሽ እንዳይገባበት ብላ ኪስ ሳታወጣለት።

ሁሉም ግን እንደ ሻለቃ አይሆንም። አንዲት ጥቁር ሴት ጥንቸል ሆዷ ተነፍቶ መጥታ ያልተሳካልን ጊዜ ነበር። ቤተሰቦቿ የወሰዷት ገና በቅርቡ ነበር። እትዬ ለሌላ ሰው አልተውትም፣ ራሳቸው ደወሉ። እናትየዋ «ምን አጥፍተን ነው?» ስትል እኔም ሰማሁ። «ምንም አላጠፋችሁም። መታመሟን እንዳያችሁ ነው ያመጣችኋት» አሏት። ስልኩን ዘጉ፣ መጥረጊያ ይዘው ወጡ፣ ንጹሕ የነበረውን ግቢ ከዳር እስከ ዳር ጠረጉት። ሲመለሱ ሻይ ቀድቼ አስቀመጥኩላቸው፣ ጠጡት፣ ቀጣዩን አስገቡ።

እትዬ፣ አሁን ወደርስዎ ልዙር። እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው «አንቺ» ብሎዎት አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ዛሬ ግን የመጨረሻ ቀን ነውና ይቅር ይበሉኝ፤ አንድ ጊዜ እንደ እህቴ ላናግርሽ።

እህቴ፣ እኔ የላም ሐኪም ነኝ። ለትንሽ እንስሳ ትዕግሥት የለኝም፣ ለባለቤቶቻቸው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንቺ ግን የማይጮኽን ነገር ማዳመጥ ሥራ እንደሆነ አሳየሽኝ። ዛሬ ላም የሚያመጣ ገበሬ ስለ እበቱ ሳልጠይቀው ከእጄ አይወጣም፤ ምክንያቱ አንቺ ነሽ። ከዚህ ወጥተው በሰው ቤት ሶፋ ላይ ተዘርግተው ድርቆሽ የሚያኝኩት ሁሉ ስምሽን አያውቁትም። እኔ ስለነሱ ሆኜ አመሰግንሻለሁ። ያው ጥንቸል ሆነው እንጂ ቢናገሩ ኖሮ ከእኔ የተሻለ ይሉት ነበር።

ጋሼ አናጢው፣ እርስዎንም እናመሰግናለን። እትዬን ስላዋሱን።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ዘበኛችን፣ አንተም ና፣ ዛሬ በሩን ማንም አይወስደውም። ሁሉም ያለውን ይያዝ፤ ወይን የሌለው ውኃ ያንሣ።

እህቴ፣ ጉልበትሽ ይጽና። እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። የምትበይው ይስማማሽ፣ የምታቅጂው ይሳካልሽ፣ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ። ከባለቤትሽ ጋር እርጅናችሁ ጨዋታ ይሁን።

ነገ ጠዋት የጥንቸሎቹን ክፍል የምከፍተው እኔ ነኝ። ሁሉም ጆሯቸውን አቁመው ወደ በሩ እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ የሚጠብቁት ግን እኔን አይደለም። ትንሽ ቆሜ፣ እስኪለምዱኝ ጠብቄ ነው የምገባው።

ለጤናሽ!