የመምህር ተረፈ ኪዱ ዜና ሕይወት፣ ከነተጨመረው መስመር

ከቅርብም ከሩቅም ልትሸኟቸው የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

መምህር ተረፈ በ1938 ዓ.ም. መስቃን ውስጥ ከአባታቸው ከአቶ ኪዱ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተማርያም ሀብቴ ተወለዱ። አባታቸው በርበሬ ይዘው ቡታጅራ ገበያ ሲወርዱ እሳቸው ጆንያው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር ይባላል፤ ፊደል ሳይቆጥሩ እንዴት እንዳነበቡ ግን ያጣራ የለም፣ እሳቸውም ሲጠየቁ ይስቁ ነበር።

እምድብር ሚሲዮን ተምረው መምህር ሆኑ፤ መጀመሪያ ወልቂጤ፣ ኋላም ቡታጅራ ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተማሩ። ወይዘሮ ዘነበወርቅን አግብተው ኢዮብንና ሆሳዕናን ወለዱ።

ቡታጅራ ላይ ነው ከሒሳብ መምህሩ ከሀጂ ሸረፋ ጋር የተዋወቁት፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ያላባራው ክርክር የተጀመረውም ያኔ ነው። ክርክሩ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አንድ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ኢየሱስ ጻፈው በሚባል አንድ አንቀጽ ላይ ነው። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ክርስቲያኑ መምህር ተረፈ፣ በአይሁድነቱ የሞተ ሰው እንዴት “መሲሑ እሱ ነበር” ብሎ ይጽፋል፣ ኋላ መጽሐፉን በእጃቸው የገለበጡ ክርስቲያኖች ናቸው የጨመሩት ይላሉ። ሙስሊሙ ሀጂ ሸረፋ ደግሞ፣ እሷን መስመር አስገብተው ይሆናል፣ የቀረው ግን የራሱ ነው፣ ትርፍ ቁጥር ገባ ተብሎ ስሌቱ በሙሉ አይጣልም ባይ ናቸው። ከመስጊድ የሚመለሰውም ከቤተክርስቲያን የሚመለሰውም የየራሱን ሰው ይታዘብ ነበር።

የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ሲወስድባቸው፣ ቀብሬ ላይ የማላውቀው ሰው ታሪክ እንዳይነበብልኝ ብለው ይህን ዜና ሕይወት ራሳቸው እየተናገሩ የልጅ ልጃቸውን ማስተዋልን ያስጽፏት ጀመር። ማስተዋል ተንኮል ካልሠራች የማትውል ልጅ ናት፤ ስኳሩን በጨው ስትቀይርባቸው ሻዩን እስከ አተላው ጠጥተው፣ ዛሬስ ጥሩ ነው ያሏት እሳቸው ናቸው። አምና ታዲያ ሸለብ ሲያደርጋቸው ከደብተሩ ግርጌ “በዚህ ጉዳይ ሸረፋ አሸንፎኛል” ብላ ጻፈችና ለሀጂ አነበበችላቸው። ያሰበችው ሀጂ ሲፎክሩ፣ አያቷም ሲንጨረጨሩ ማየት ነበር። ሀጂ ግን አልፎከሩም። መነጽራቸውን አወለቁና፣

“ይቺን፣ ልጄ፣ ቀብሩ ላይ ሳታነቢያት እንዳትቀሪ” አሏት።

ማስተዋል ደንግጣ ሄዳ ለአያቷ ተናዘዘች። እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ጠየቋት።

“ሸረፋ አመነሽ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“እንግዲያ አትንኪው።”

ይህን የሰማ ሌላ ሰው የለም።

መምህር ተረፈ በልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ደብተሩ ሲገለጥ ልጃቸው ኢዮብ፣ አባዬ እንዲህ አይልም ብሎ መስመሩን ሊሰርዝ ተነሳ፤ ሆሳዕና ደግሞ፣ ሲደክመው ብሎት ይሆናል ብላ ያዘችው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የአንድ ሰው እጅ ስለሆነ ከፊደሉ መለየት አይቻልም። ማስተዋልም ዝም ብላ ልታነበው ነበር፤ ግን የጨመረ ሰው ጨመርኩ ካላለ ክርክሩ ሁለት ሺህ ዓመት እንደሚሄድ ከእሳቸው በላይ ያስተማራት የለም። ስለዚህ አሁን ይህን የምታነብላችሁ ማስተዋል፣ መስመሩን የጻፈችው እሷ መሆኗን፣ እንዳይነካ ያሉት ደግሞ እሳቸው መሆናቸውን ትናገራለች። ሀጂ ሸረፋ እዚህ መካከላችን ቆመው ገና አሁን መስማታቸው ነው። መምህር ተረፈ በእርግጥ ተሸንፈው ይሁን፣ ለወዳጃቸው ብለው ይሁን፣ ወይስ በማስተዋል ላይ ተራቸውን ቀልደው ይሁን፣ እሷም አታውቅም። ደብተሩ ከነስክሪብቶው ለሀጂ ሸረፋ ይሰጣል፤ መሰረዙም መተዉም የእሳቸው ነው።

መምህር ተረፈ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ሀጂ ሸረፋን ትተው ሄደዋል። ያንን አይሁዳዊ ጸሐፊ እዚያ ፈልገው ሳይጠይቁት እንደማያርፉ ብናውቅም፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።