የዕቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ

ከወረታ ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት የኮሌጅ ተማሪና አንድ ቄስ ያወራሉ።

«የድሮው ኮምፒውተር አንድ ቤት ሙሉ ይይዝ ነበር፣ አባ። ውስጡ ግን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው።»

«በማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚያስበው?»

«አዎ። ‹ወይም› ከተባለ ከሁለቱ አንዱ ቢበራ ይበቃል። ‹እና› ከተባለ ሁለቱም ካልበሩ አይሠራም።»

«ይኸማ የእኛ ዕቃ ቤት ነው።»

«እንዴት?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በሁለት ጓጉንቸር ነው የሚዘጋ። አንዱ ቁልፍ ከገበዙ ዘንድ ነው፣ አንዱ ከእኔ። ሁለታችንም ካልተገኘን አልባሳቱ አይወጣም። ይህን ለማወቅ ነው ኮሌጅ የገባሽው?»

«ገበዙ ቢቀሩስ?»

«አንድ ጊዜ ቀርተው ካህናቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመን ዋልን። እኔ ግን ቀርቼ አላውቅም።»

«አሁን መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ዛሬ ነው እንጂ። ነገ እኮ ንግሥ ነው።»

«ታዲያ የእርስዎ ቁልፍ የት አለ?»

ከቄሱ ቀሚስ ኪስ የብረት ድምፅ ተሰማ።

«ሾፌር፣ ወራጅ አለ።»

«እዚህ ሩዝ ማሳ መሀል፣ አባ?»

«እዚሁ። ወደ ወረታ እመለሳለሁ።»

እኔም ሳላስበው የራሴን ኪስ ዳበስኩ።