የእማማ አስካለ አላርሞች

ሬኒየር ቢች ሰፈር የሚኖሩት እማማ አስካለ ኮል አደረጉልኝና፣ «ልጄ፣ ኤሌክትሪሺያን አይደለህ? ይኼ የጭስ አላርም መንፈስ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ድረስልኝ» አሉኝ። ስደርስ አላርሙን ከኪችኑ ኮሪደር ነቅለው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተውታል። እዚያም ሆኖ ጢጥ ይላል። «ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር እየጮኸ አስመረረኝ። ከኮረንቲው ለይቼው እንኳ ዝም አይልም! ጸበል ሁሉ ረጨሁበት።» ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ «እማማ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ አለው። የሚጮኸው ባትሪው ስለደከመ ነው» አልኳቸው። ጸበል የጠጣውን ጣልኩት፤ ብሬከሩን አጥፍቼ አዲስ ገጠምኩ። መብራቱን መልሼ ቴስት ሳደርገው ፎቅ ላይ ያለውም አብሮ ጮኸ።

«ደሞ የላይኛው ምን አገባው?» ብለው ተቆጡ።

«በሽቦ ተያይዘዋል እኮ። እንደ እድር ያስቧቸው፤ አንዱ ከጮኸ ሁሉም ይነሳሉ። እሳት እዚህ ቢነሳ ላይ የተኙት የልጅ ልጆችዎ ይሰማሉ።»

ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሌላ ፎጣ አወጡ። ከልጆቹ መኝታ ቤቶች የነቀሏቸው ሁለት አላርሞች ነበሩ። ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «አውቄያለሁ፣ አትቆጣኝ። በል ውጣ፣ መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ገጥሜ ስጨርስ አንዱን ብቻ ተጫንኩ። አራቱም ባንዴ ጮኹ። እማማ አስካለ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እሰይ! አሁን እድሩ ሞላ!» አሉ።